የሣር ሒሳብ

ዶዘር ከመንገድ ዳር ነቅሎ የጣለውን
ጓሳ አነሣሁ እኔ፣ ሦስት ሥር ሙሉውን፤
በጆንያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ጫንኩት፤
ረዳቱ «የሣር ሒሳብ!» ቢል አሥር ብር ሰጠሁት።

መሐል ሜዳ ግቢዬ፣ ጽጌረዳዋ የደረቀችበት ጥግ፣
ድንጋዩን ለቃቅሜ ሦስት ጉድጓድ ሳደርግ፣
ጋሽ ይፍሩ አንገቱ ከአጥሩ በላይ ዘልቆ፣
«ሸዋዬ፣ ጣሪያሽን ተከልሽው?» አለኝ ስቆ።

ዝም አልኩት። ሐሰት የለውም መቼም ደግሞ፤
ያባቴ ቤት ጣሪያ ጓሳ ነበር ቀድሞ።
ገመዱም ገሳውም ከሱው ነው የወጣ፤
ድምፁ አይሰማም ነበር ዝናቡ ሲመጣ።
ዛሬ በቆርቆሮው ካፊያ ጠብ ሲል ገና
ቤት ውስጥ እንጯጯሃለን፣ መስማት የለምና።

ጥር ላይ ውርጭ ጎመኔን ባንድ ሌሊት ቀቀለው።
በልጉ ቀረ።
ውኃ በጀሪካን፣ በወረፋ ነው።
ለጓሳው አንድ ጣሳ አላፈሰስኩለትም፤
መርፌ አከለ ቅጠሉ፤ ሞተ አልኩ፤ አልሞተም።
እጄን ብሰድ መሐሉ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ፤
አምስት የአይጥ ልጆች፣ ዓይን ያልገለጡ፣ ድርብርብ።

ሰኔ ሳይገባ ነው፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣
ጋሽ ይፍሩ ዶማ ይዞ መጣ፣ መሬት እያየ፣ ሳይስቅ።
«ያን... ጣሪያሽን» አለ፣ «አንድ ሥር ብትቆርሽልኝ።»
ድጅኖ አመጣሁ። ሥሩ ግን አልላላልኝ።
ሳብነው፣ እሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣
ቷ ብሎ እስኪቀደድ፣
ሁለታችንም አፈር ላይ እስክንወድቅ ድረስ።

ግማሹን ታቅፎ ሊወጣ ሲል ያዝኩት፤
«የሣር ሒሳብ፣ ጋሼ! አሥር ብር» አልኩት።