ሦስት ተኩል ሠራተኛ

«ፋብሪካው የት ነው?» አለ የፈቃድ ጸሐፊ።
«ሸዋ በር፣ ሳሎኔ።» «ስፋቱስ?» «ሰፊ፤
አራት በአምስት ነው፤ አልጋው ሲወጣማ
ለሰውም ይተርፋል በዚህ ጠባብ ከተማ።»
«ምርቱስ?» «ምድጃ ነው፣ በመብራት የሚነድ፣
ለጊዜው ባለ አንድ ዓይን፣ ባለ ሁለቱ ስንለምድ።»
«ሠራተኛስ ስንት?» አባዬ ቆጠረ፣
ጣቱን እያጠፈ ከራሱ ጀመረ፤
«እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንድሟ ሸጋው፣
ልጄ ተማሪ ናት፣ ተኩል ብለህ ጻፈው።»
ቅጹ ግማሽ አያውቅ፤ ጸሐፊው «አራት» አለ፤
አባዬ ግን እስከ ቤት «ሦስት ተኩል» እያለ
ሳቀ።
እኔ አኮረፍሁ።

ሐሙስ በሌሊቱ ሸጋው ኮምቦልቻ ወረደ፣
ቁርጥራጭ ላሜራ በኪሎ ነገደ፣
ዳርና ዳሩ የዛገ፤
በአይሱዙ ጫነና የሐረጎን ጉም እየጠረገ
አመጣው።
ሸክላው ከገራዶ። ሽቦው ከአዲስ አበባ ነው፣
እማዬ ሶፋችንን ሸጣ ያስመጣችው።
«እንግዳ ሲመጣስ?» ቢላት አባዬ፣
«ይቆማል» አለችው፣ «ወይ ይሠራል» እማዬ።

እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች ድሮ፤
ብረቱን ለካችው እንደ ጉርድ ቀሚስ፣ ጠመኔዋን ሰክታ ከጆሮ።
ሸጋው ይቀጠቅጣል፣ አባዬ ይበይዳል፣
ብልጭታው ባምናው ካላንደር፣ በመስከረም ላይ ይወርዳል።
እኔ ሽቦው ላይ ነኝ፤ በቀጭን ዘንግ ዙሪያ
አጠመጥማለሁ እስከ መቶ ሃያ፤
አንዱ ካንዱ ሳይርቅ፣ ሳይነካ ጎኑን፤
(ደሴ ውስጥ ማን ችሎ ይህን!)
ሲያልቅ፣ በቀይ ቀለም፦ «አረቡና ቤተሰቡ»፣
ሰዎች ዋጋ ሳይጠይቁ ቆመው እንዲያነቡ።

ግድግዳችን የእትዬ ዘምዘምም ግድግዳ ነው፤
እኛ ምስማር ስንመታ የሷ ብርጭቆ ነው የሚጮኸው።
ራሷን ያማታል። በከዘራ ትመታለች፣ ሦስቴ፦
«አንተ አረቡ! መዶሻህ አናቴ ውስጥ ነው ወይ?
ሰው እንዴት ፋብሪካ ይተክላል ከሰው ትራስ ላይ?»
«አብሽሪ እትዬ» ይላል፣ «ይቺ ናት የመጨረሻ»፤
ከዚያች የመጨረሻ ወዲህ አርጅቷል ሁለት መዶሻ።

መብራቱ በፈረቃ። ሲመጣ ሌሊት ስምንት፣
እንነሣለን በባዶ እግር፣ እሳት እንደገባበት ቤት።
አንድ ሌሊት አራቱን ባንዴ ስንሞክር
ዓይናቸው ቀላ፣ ደስ አለን፣ ቤቱም ሞቀ የምር፤
ከዚያ ቷ!
ከኛ ደጅ እስከ ሙሄ ሱቅ ጨለመ ሰፈሩ፤
«አረቡ!» አሉ ሰዎች ከየበሩ።

ሰኞ ገበያ ወጥተን አሥራ አንድ ተሸጠ።
ዓርብ ለት አንዱ መጣ፣ ሽቦው የተቆረጠ።
ፋናዬ ናት ያመጣችው፣ ከመናኸሪያው በር ሳምቡሳ የምትጠብስ።
«ዘይቱ በረደብኝ፤ ሳምቡሳዬ ጠጣው፤
እኔስ ለደንበኛዬ ስፖንጅ ነው የምሸጠው?
ማነው የሠራው?» አለች።
«እኔ ነኝ» አለ አባዬ።
ብሯን መለሰላት፤ ዘይትም ጨመረች እማዬ።

ማታ ብሎኑን ፈታ፣ ሽቦውን አወጣ፣
መዳፌ ላይ አኖረው። አልተቆጣ።
ቆጠርሁት።
ሰባ ሦስትና ሰባ አራት አንድ ላይ ተጣብቀዋል።
ያን ለት አስታወስሁት፤ ከደጅ ገመድ ይዘለላል፣
ልጆቹ ይቆጥራሉ፣ እኔም እቆጥራለሁ፤
በየትኛው ቁጥር እንደሆነ እንጃ፣ ከነሱ ጋር ዘልያለሁ።

ቅዳሜ አባዬ ካቻቢቴ ይዞ ሄደ፣
አሥሩን ሊፈትሽ፣ ቤት ለቤት። ሳሎኑ በረደ።
እሑድም እንዲሁ። መዶሻው ጥግ ተኛ።
ግድግዳው ከወዲያ ተመታ። ሦስቴ። ዝም አልን እኛ።
«ምነው ዛሬስ?» አለች ዘምዘም፣ ድምጿ ሰልሎ፣
«አንዱ ታሞ ነው እንዴ? ወይስ ፋብሪካው ተነቅሎ?»
«የለም» አለች እማዬ፤ ዓይኗ ከእኔ አልተነሣ።
ዘንጉን አቀናሁ፤ የሽቦውን ጫፍ ያዝሁት በፒንሳ።
ከደጅ ልጆቹ ይዘላሉ፣
ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ ይላሉ።
እኔ፦ አንድ።