ከእጅ የወደቀች

ቴነሲ፤ ኅዳር ነው፤ ቅጠል ተከምሯል፤
ኤልመር ድሩሪ ዛሬም በር ሊያንኳኳ ወጥቷል።
ዕድሜውን በሙሉ ቧንቧ ሲቀጥል ኖሮ
ጡረታ ሲወጣ መሬት መስማት ጀምሮ፣
ማዳመጫ ባንገቱ፣ የሚጮኽ ዘንግ ባንድ እጁ፣
ባልዲ በሌላው ይዞ ይቆማል በየደጁ፦

«እንደምን አደሩ፤ ግቢዎን ባዳምጥ፣
ሣሩን እመልሳለሁ፣ አንድ አበባ ሳልቆርጥ፤
ያገኘሁትን ሁሉ አሳይዎታለሁ፤
ትራፊውን ብቻ ይዤ እሄዳለሁ።»

ዐሥራ አንድ በር ተዘጋ። አንዱ ውሻ ለቀቀ።
የአንዷ መጋረጃ ተገልጦ ወደቀ።

እንግዲህ፣ እዚህ ላይ፣ አስፋልት ሳይፈስበት፣
ባለ ሁለት ጋራዥ ቤት ሳይደረደርበት፣
የአንድ አገር ልጆች የተገዳደሉ ዕለት
ድንኳን ነበረበት።
ዛሬ «የድንኳን ኮረብታ» ይላል መግቢያው ላይ ታፔላ፤
የተከለው ኩባንያ ነው ኮረብታውን የበላ።
አናቱ ተቆርጦ፣ በገልባጭ ተጭኖ
ከገበያ አዳራሹ ሥር ቀርቷል ሙሊት ሆኖ።
ሰው ዳቦና ወተት ሊገዛ ሲመጣ
መኪናውን ጦር ሜዳ ላይ ያቆማል፤ ማን ዐውቆ ይቆጣ?

ዐሥራ ሁለተኛው በር የወይዘሮ ሎሬታ፤
ቤቱም እንደሳቸው ዶዘር የረሳው ቦታ።
ከነምርኩዛቸው ወጥተው ወደ በረንዳ
«ቆፍር፣ ልጄ» አሉት፣ የስድሳ ሰባት ዓመቱን ሰው፤
«የጋዙን መሥመር ብቻ እንዳትጎዳ።»

ዘንጉ ያጉረመርማል። ጮኸ፤ የቢራ ቆርኪ።
ጮኸ፤ የዛገ ምስማር። ጮኸ፤ ደግሞ ቆርኪ።
ሰው የጣለው ሁሉ ታሪክ ነኝ ይላል፤
ቆርኪም እንደ ኒሻን እኩል ይጮኻል።

ከባሉጡ ዛፍ ሥር፣ ቅርንጫፉ ላይ ገና
የዥዋዥዌ ገመድ ጠባሳ አለና፣
አንዲት ነገር ወጣች፤ ጭቃ ሸፍኗት፤
ሳያጤን ባልዲው ውስጥ ከቆርኪ ደባለቃት።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

ተንበረከከ። ሣሩን በሦስት ጎን ቆርጦ፣
እንደ ሸሚዝ ኪስ ክዳን ቀስ አድርጎ ገልጦ፤
ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ አንድ ስንዝር ጠልቃ
ጥይት፤ እርሳሷ ሸብቶ፤ እዚያው ቀርታ ተደብቃ።
ሦስት ቀለበት አላት ከወገቧ በታች፤
አልተጨማደደችም፤ አጥንት አልመታች፤
አልተተኮሰችም። ከእጅ የወደቀች።

ያኔም ኅዳር ይሆናል፤ አንዱ ልጅ በሌሊት
ጠመንጃውን ሲያጎርስ፣ ጣቱን ውርጭ ይዞት፣
አመለጠችው። ዳበሰ፤ ረገመ፤
ሌላ ከኮሮጆው አወጣ፤ ደገመ።
የዚያችኛዋን ነገር ማንም አይናገር፤
ይህቺ ግን ንጹሕ ናት፤ ምስክሯ አፈር።

«እዩዋት፣ እመቤት» አለ፣ እጁን ዘርግቶ።
የሳቸው ዐይን ግን ቀረ ባልዲው ገብቶ።
ያችን ጭቃ የለበሰች አንሥተው፣ በምራቃቸው
አራሱ፤ ፋቁ በጥፍራቸው።

የአሻንጉሊት መኪና። ቀይ ቀለም። ሦስት ጎማ።

«የዌስሊ ናት» አሉ። «አንድ በጋ ጠፋች።
ራስል ምሎ ነበር። እናቱ አላመነች።
በአባቱ ቀበቶ... ሰባት ዓመቱ ነው።
አላለቀሰም እኮ። ያኔ ነው ዝም ያለው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል
ይባላል፤ ይኼኛው ግን እያደር ዝጓል።

ገብተው ስልክ ደወሉ። ጠራ። ደግሞ ጠራ።
ጆሯቸው ስለ ደከመ፣ ድምፁ እስከ ግቢው ይሰማል።
«እናትህ ነኝ። መኪናዋ... የዌስሊ...» ሳግ ያዛቸው።
ሃምሳ አንድ ዓመት መሥመሩ ላይ ቆመ።
ከወዲያ አንድ የጎልማሳ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፦
«የት ነበረች?»

ኤልመር ሣሩን መልሶ በእግሩ ጠቀጠቀ፤
ጥይቷን በሸሚዝ ኪሱ አድርጎ ጠበቀ።
መሄድ ነውር መስሎት፣ መስማትም ሲከብደው፣
ማዳመጫውን አንሥቶ በጆሮው ላይ ደፋው፤

ዘንጉን ግን አላበራም።