የተፈታ ክር

ብሩክስ ትባላለች፣ አልበርታ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ፤
ንፋሷ በር አያንኳኳም፣ ይገባል ማንንም ሳይሰማ።
ከሥጋ ፋብሪካው፣ ከቢላዋው መስመር፣ ሰባተኛው ሰው ነኝ እኔ፤
ስምንት ሰዓት ሙሉ ትከሻ ስበልት፣ ሲመሽ ይዝላል ጎኔ።

ከብረት ጓንቴ ሳወጣቸው ጣቶቼ አይዘረጉም።
ግድ የለም።
ኪሮሽ የሚወደው ጎባጣ ጣት ነው፣ ቀጥ ያለ አይስማማውም።

ለምሳ ሠላሳ ደቂቃ አለን።
ሰው ሩዙን ሲያሞቅ፣ ስልኩን ሲነካካ፣
እኔ ጥግ ይዤ ቢጫ ክር ከኪሴ፣
ማሪሴል ትስቃለች፣ እጅጌውን በጣቴ ስለካ።
«ማን አስተማረህ?» አለችኝ።
«እናቴ» አልኳት።
ዋሸሁ።
እናቴ ስሟ ነው ፈትለወርቅ እንጂ፣
ቁልፍ ሲበጠስ እንኳ ጎረቤት ነው የሚተክል፣ እሷ አትወድም ይህን ፈንጂ።

አፌን የፈታሁት በእናቴ ቋንቋ፣
እጄን የፈታሁት እስር ቤት።
ዕድሜዬ ሃያ አንድ፣ ክፍሉ የሃያ ሰው፣
የተኛንበት ሰማንያ ሁለት።

ጋሽ ውብዓለም፣ የቀድሞ መብራት ኃይል ሠራተኛ፣
የብስክሌት ሽቦ በሲሚንቶ ስሎ፣ ጫፉን ቆልመም አርጎ፣
«ወይ ሥራ» አለኝ «ወይ ተኛ፣
እዚህ ቤት የለም ሦስተኛ።»
«መጀመሪያ ሰንሰለት ነው የሚሠራው» ሲለኝ
ሰማንያ አንዱም ሳቁ።
እኔም ሳቅሁ፣ በማግስቱ።

ክሩስ?
የተፈታ ሰው ሹራቡን ትቶልን ይሄዳል፣
ሹራቡም በተራው ይፈታል።
ለሱ አንድ ጫፍ ይበቃዋል፣ የለበትም ቀጠሮ፤
የኛ ግን፣ ጥርስም አይፈታው፣ የዳኛ እጅ ቋጠሮ።

ይህን ሁሉ በሠላሳ ደቂቃ፣ ሩዝ እየሸተተ፣
ለማሪሴል እንዴት ልበል?

ሰናይት ስድስት ወር ሲሞላት ሹራቡን ጨረስኩት፤
ቢጫ፣ ባለ ሦስት ቁልፍ፣
የሶፋው መደገፊያ ላይ አልብሼ አየሁት።
ልጅቱ ግን አልጠበቀችም።
በሰባት ወሯ፣ በረዶው መንገዱን በበላበት ሌሊት፣
አምቡላንስ እስከ ካልጋሪ፣
የሁለት ሰዓት መንገድ፣ የስንት ዓመት።

አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።
በመስታወት ቤት፣ በቱቦ፣ በሽቦ፣
ልጄን ታስራ አየኋት።
ነርሷ ጡጫዋን አሳየችኝ፣
«ጭንቅላቷ ይህን ያህላል፣ ኮፍያ ካለህ አምጣላት።»
ያለኝ ሹራቡ ነው።
አንዱ እጅጌው ብቻ ከእግር እስከ ራሷ ይውጣታል።

ፈታሁት።
በመጠበቂያው ክፍል፣ የቡና ማሽኑ አጠገብ፣
ጫፉን ፈልጌ ስስበው
የሦስት ወር ምሳ ሰዓቴ ትር፣ ትር፣ ትር እያለ
ጉልበቴ ላይ ተከመረ።

የተፈታ ክር ቀጥ አይልም።
ተጠማዝዞ ይቀራል፣
እያንዳንዱን ዓይን፣ የታሰረበትን፣ በገላው ይዞ ያስታውሳል።
እኔም ከወጣሁ ወዲህ ስንት ዓመት፣
በተከፈተ በር ፊት ቆሜ
እስኪከፍቱልኝ ጠበቅሁ።

«በሙቅ ውሃ ንከረው፣ ጫፉ ላይ ጠጠር እሰር፣
አድሮ ይታረቃል» ይል ነበር ጋሽ ውብዓለም።
ማደሪያ ጊዜ የለኝም።
እንደተጠማዘዘ ሠራሁት።
አርባ ዓይን ዙሪያው፣ ከመዳፌ አያልፍም፣
አንዱ ረድፍ ትንሽ ዘመመ፣ ያኔ ማሽኗ ጮኻ ስለነበር።

ነርሷ ገለባበጠችው። «ማን አስተማረህ?»
ነገርኳት።
ቀና ብላ አየችኝ፣
ከዚያ በመስታወቱ ቀዳዳ እጇን አስገብታ
ኮፍያውን ዝቅ አደረገችው፣ የልጄን ጆሮ እስኪሸፍን።

የተረፈው ክር ኪሴ ውስጥ ነው፣ አልቆረጥኩትም።
ሐኪሙ ገና ቀጠሮ አልሰጠንም።