ስንዝር

ጠባሴ ነው የጀመርኩት፣ በኪራይ፣ በሃምሳ ሳንቲም፤
ጋሽ ድልነሳው ሰዓት ይዞ «አለቀ!» ሲል፣ እኔ አልሰማም።
ፍሬን የሚባል አልነበራት፤ ፍሬኗ የጫማዬ ሶል፣
እናቴም ጫማዬን ገልብጣ «ይሄ ልጅ ሶል ይበላል» ስትል።

ቢኤምኤክስ ነው ስሟ፤ እኛ ግን «ድንክዬ» እንላት ነበር፤
ጎማዋ የድስት ክዳን፣ ሴላዋ ከጡጫ የማይበልጥ ነገር።
ትልልቆቹ ሳይክሎች መንገድ ሊጨርሱ ተሠሩ፤
የእሷ ግን መንገዱ ሲያልቅ ነው፣ የሚጀመረው ነገሩ።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣ ሱፍ ከሚራገፍበት ሜዳ፣
እኔ ፌሮ ከአባቴ አጥር፣ ልሳኑ ጣውላ ከጓዳ፣
ድንጋይ ደርድረን፣ አፈር ደልድለን አቆምነው መዝለያውን፤
ዘበኛው መጥቶ በዱላው ነካ ነካ አደረገና ጣውላውን፣
«የማን መቃብር ነው?» አለን።
ልሳኑ «የፍርሃት» አለው።
እኔ አልሳቅኩም። ፈርቼ ነበር።

ውርጭ ነው። በበሬሳ ዳር ሣሩ ነጭ ሆኖ አድሯል፤
ትንፋሼ ከእኔ ቀድሞ ወደ ጣውላው ይሮጣል።
ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ካቴናው ሸርተት ብሎ ያዘ፤
ጣውላው አጓራ፤
ከዚያ ምንም።

የጎማው ድምፅ ተቋርጦ፣ ንፋሱ ራሱ ዝም ሲል፣
ስሜን የሚጠራ ሲጠፋ፣ ክብደቴ ከእኔ ሲነጠል፣
እዚያ ውስጥ፣ ዐይን ጨፍነው እስኪገልጡ በማይሞላ ጊዜ፣
መሬት ለቀቀችኝ።
ሠላሳ አራት ዓመት ይኸው፣
ያችን ዝምታ ነው እግር በእግር የምከተለው።

ጋሽ ድልነሳው ሱቁን ሲዘጋ ጠራኝና መሪዋን አስያዘኝ፤
«በኪራይ አራቴ ገዝተሃታል፤ ውሰድልኝ» አለኝ።

አስከፍላኛለች። አንድ ጥርስ። የግራ ክርን።
ቁርጭምጭሚት ሁለት ጊዜ፤ ወጌሻዋ እማማ ዘነቡ
እግሬን በቅቤ እያሹ «በሞቴ፣ አሁንስ ተዋት» ሲሉ
«ተውኳት» እላለሁ። እስኪሽር ድረስ እውነቴን ነው።

ሽማግሌ ስልክ፣ አማቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው
«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ቢሉ፣
ሽማግሌው አሰበ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤
«ይዘላል» አለ።
ቤቱ ጭጭ።
«እሺ፣ ከዘለለ በኋላስ?»
«ይወርዳል። ከዚያ ይበይዳል። ጎበዝ በያጅ ነው።»

በያጅ ነኝ፣ አዎ። የሰው በር፣ የሰው መስኮት ስበይድ ውዬ፣
ማታ የድንክዬን አንገት እበይዳለሁ፣ ተሰነጠቀ ብዬ።

ልሳኑ አይሱዙ ይነዳል፣ በጣርማ በር ጉም ቁልቁል፤
መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጥሩንባ ነፍቶ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ
«አልተውክም?» ይላል።
«አልተውኩም!» ስል ጉሙ ውጦታል፤
የኋላ መብራቱ ብቻ ትንሽ ቀይቶ ይጠፋል።

ሜዳው ዛሬ ፎቅ ነው። መዝለያችን ላይ ባንክ ቆሟል።
«ደብተር ይክፈቱ» ትለኛለች ልጅቷ፣ ፈገግ ብላ።
«እዚህ ጋ ድሮ አስቀምጫለሁ፣ አንድ ጥርስ» አልኳት።
አልገባትም። ቅጹን ሰጠችኝ።

አርባ ስድስት ሞላኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይናገራል።
ልጄ የአብሥራ ስልኳን ደግና፣ እጇ በብርዱ ቀልቶ፣
«አባ፣ ልትዘል ነው ወይስ ዘለህ ጨረስክ?» ትላለች።

ከፍታው ወረደ፤ ወገብ ነበር፣ ከዚያ ጉልበት፣
አሁን ስንዝር።
ግን የጎማው ድምፅ ዛሬም ይቋረጣል፤
ስንዝርም ቢሆን፣ መሬት ትለቀኛለች።

ስገባ ወይንእሸት የቅልጥሜን ደም አይታ፣
ምንም ሳትል ጨው በሞቀ ውኃ በጥብጣ፣
«ዛሬስ ስንት?»
«ስንዝር።»
«ትናንትም ስንዝር ነበር።»
ዝም አልኩ።
«በማን ስንዝር?» አለች፣ እጇን ከእጄ ጎን ዘርግታ።