አርባ አንደኛው ደቂቃ

ፊልሙ ሲጀመር ትወጣለች፤
ኮሪደር ላይ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ትቀመጣለች፤
ከቦርሳዋ የእንጨት መርፌ፣ የናይለን ክር ታወጣለች።
መረብ ጠጋኝ ናት ኤርሚንዳ፣ የሙሮስ ወደብ ልጅ፤
ቀዳዳ አይቶ የማያልፍ፣ ሥራ ፈቶ የማይውል እጅ።

ባሕሩ በግድግዳው በኩል ይሰማል።
የሹርሾ ጀልባ ስም ሲጠራ መርፌዋ ይቆማል፤
ደግሞ ይቀጥላል።
አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ግን
ሥራዋን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፣
በሁለት መዳፏ ጆሮዋን ትደፍናለች።
እዚያ ውስጥ፣ ሸራው ላይ፣
የባሏን አንድ እግር ቦቲ ታቅፋ ታለቅሳለች።

እዚህ የማታለቅሰው እሷ ናት። እዚያ የምታለቅሰውም እሷ ናት።
እኔ መሐል ቆሜ በሩን እይዛለሁ፤
የዘመቻው ሰው ነኝ፤ ከከተማ ከተማ አዞራታለሁ።
ሕጉ ያስፈልጋል፤ ያረጀ ጀልባ ባሕር አይውጣ፤
ይህን እሷም ትላለች፣ ከእኛ በላይ፣ በቁጣ።
ቅጹም አለኝ፤ ፈርማለች፤
ሬሳው ሳይገኝ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን።
በአሥራ አንደኛው ቀን የፈረመ እጅ
ምን ያህል ፈርሟል? ብዬ አልጠየቅኩም ያን ቀን።

ሉጎ ላይ አንድ ሰው ተነሣ፣ ማይኩን ተቀብሎ፤
«አሁን ምን ይሰማዎታል?» አላት፣ ድምፁን አለስልሶ።
«እግሬን ይበርደኛል» አለች።
አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ለተመልካች መጠይቅ አለን፤ «ፊልሙ ምን ያህል ነካዎ?»
«በጣም» የሚለው ሳጥን ሁሌ ይሞላል።
ለእሷ ሳጥን አልሠራንም።

ቅንጫቢውንም ለቀቅነው በድረ መረብ፤
ዓሣ ገበያ ላይ አንዲት ልጅ ስልኳን ዘርግታ
«አንቺ ነሽ?» አለቻት፣ ከሚዛኑ ቅርብ።
እሷ የምትጠግነው መረብ ትንሹን ዓሣ ያሳልፋል፤
የእኛ ግን ዓይኑ ጠባብ ነው፤ የያዘውን መቼ ይለቃል?

ዛሬ ፌሮል ነን። የምክር ቤት ሰዎች ፊት ወንበር ላይ አሉ።
ሠላሳ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ «እንውጣ» አልኳት።
«ይጠሩኝ የለም?»
«ይጥሩ።»
ጫማዋን አደረገች። ውጭ ካፊያ ነበር፤
ተቀመጥን፣ አውቶቡስ መጠበቂያ።
ቆይቶ ከኋላችን ጭብጨባ፣ ደግሞ ስሟ በድምፅ ማጉያ፤
ሁለቴ፤ ከዚያ ዝም።
ነገ ምን እንደምላቸው አላውቅም።
የክሩን ጫፍ ሰጠችኝ፤
«ጠበቅ አርገህ ያዝልኝ» አለች።
ያዝኩላት።