ጥብቅና ላላ

ጋሽ ዋቅቶላ ሳጥኑን ከፈቱ፤
ብርቱካን ሸተተ ቤቱ።
ልጣጩን ነው ከእንጨቱ ጋር የሚያሳድሩት፣
የድሬ ሐሩር ክላርኔት ይሰነጥቃል፣ ካልሸነገሉት።
ከባቡር ባንድ የተረፋቸው ይኸው ነው፦ ጥቁር እንጨት፣ ምላሱ ሸንበቆ፣
አንድ ጥራዝ ኖታ፣ ጠርዙ በምስጥ አልቆ።

"ተጫወቺ" አሉ።
ተጫወትኩ።
ከትልቋ ፊት የቆመችውን ትንሿን ኖታ
እንደ ትንኝ እፍ ብዬ አለፍኩ።

"ቆይ። አንገቷ ላይ ጭረት አላት?"
"የላትም።"
"ታዲያ ለምን አባረርሻት?
እንግዳ ናት፣ አስቀምጫት።
የራሷ ጊዜ የላትም፤ ከትልቋ ትበደራለች፣
ግማሹን ትወስዳለች፣
ትልቋም ዝቅ ብላ በቀረው ታድራለች።"

"የት ተጽፏል?"
"አልተጻፈም።"
"በምን ይታወቃል ታዲያ?"
እርሳሳቸውን በምላሳቸው አርሰው
ጠርዙ ላይ አንድ ቃል ጻፉ፦
አሉ።
"አንብቢ።"
"ላልቶ ነው ጠብቆ?
ተናገሩ ነው፣ ወይስ እዚህ ናቸው?"
ሳቁ፤ ሳል ነበረበት ሳቃቸው።
"ፊደሉ አንድ ነው። ሁለት መሆኑን ማን ነገረሽ?"
"አፌ።"
"ይህን የጻፈውም ሰው አፍ ነበረው፤
ለሚያውቁት ጻፈ፣ ለሩምያ አልጻፈው።
ድረሽበት።"

ከዚያ ወዲያ ቀትሩን ሙሉ፦
"ነጥቧን እንደ ገበያ ሂሳብ አትቁጠሪ፣
ለአዲጋላ በሰሌዳው የተጻፈው ሰዓት ሌላ፣
ባቡሩ የሚደርሰው ሌላ።
ትሪሉን ከላይ ጀምሪ፤
ደቻቱ ሲመጣ ከየት ነው?
እዚህ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ጠርቶ፣
ከላይ አይደል የሚወርደው?"
ጣቴ ላበ። በመስኮት ባጃጅ ጮኸ፤
እሳቸው በእግራቸው ምቱን ያዙ፣
ጫማቸው አንድ ማሰሪያ የሌለው።

ፈተና ደርሶብኝ ሁለት ሳምንት ቀረሁ።
ስመለስ በሩ ተቆልፏል።
ጎረቤት ቆማ ልብስ ታሰጣለች፣
እጇን ሳታወርድ
"ሞቱ አሉ" አለችኝ።

ሳጥኑን ለእኔ ትተውት ነበር።
ልጣጩ ደርቆ እንደ ቆዳ ይንኳኳል።
ኖታውን ግድግዳ ላይ ደገፍኩት፣
ትንሿን አስቀመጥኳት፣ እንደ እንግዳ፣
ከትልቋ ተበደረች፣ ግማሹን ወሰደች፤
አልተሳካም፣ ደገምኩ።
ያ የእርሳስ ቃል ከጎኗ ነው።

ጎረቤቲቱ አላልታ ነበር የተናገረችው።
እኔ አጥብቄ አነበብኩት።

ማታ ከቀፊራ አንድ ብርቱካን ገዛሁ።