የሚዛኑ ዝምታ

ሠርግ ሲቀርብ ብቻ ነው ሱቄ የሚጎበኝ፣
በቀረው ወራት ግን ዝንብ ነው የሚያገኘኝ።
ደህቢያ መጣች ትናንት፤ ስሟ ወርቅ ሲፈታ፣
የአያቷን ታብዚምት ከመሐረብ ፈትታ፣
ክቡን የደረት ጌጥ አኖረችውና፣
«ይህን ግዢኝ፣ እትዬ» አለች በትሕትና።
«የዛሬ ሠርግ ወርቅ ነው፤ ብርማ ያረጃል፣
ፎቶ ላይ አይበራም፤ ቀለል ያለ ይበጃል።»

አልከፋኝም። ጌጥም እንደ ሰው ይወለዳል፣
ያድጋል፣ ይደምቃል፣ ደግሞ ይሰደዳል።

ቅድመ አያቴ ስትዳር፣ በጁርጁራ ሥር፣
አንገቷ ላይ ያለው ቅርንፉድ ነበር፤
በውሃ ተነክሮ፣ በመርፌ ተሰክቶ፣
ሙሽራዋ ሳትደርስ ሽታዋ ቀድሞ ገብቶ።
አልቦዋ በክብደቱ እርምጃዋን ሲያዘገይ፣
«ክብር ነው» አሉ እንጂ፣ ማን አላት «ከበደሽ ወይ?»

ከዚያ የባዕድ ንጉሥ፣ ሳንቲም ላይ ያለ ፊት፣
ቀለጠና ሆነ ጉትቻ ለሙሽሪት።
የብርጭቆ ዱቄት፣ ሰማያዊና ቢጫ፣
ብሩ ላይ ሲቀልጥ፣
አባቴ ከእሳት ጋር ይገጥም ነበር ሩጫ፤
እስትንፋስ ቢዘገይ አረንጓዴው ይጠቁራል፣
ቀዩ መርጃን ብቻ እንደ ቁስል ይቀራል።

በደረት ላይ ያለው በአማት ዓይን ይለካል፣
የጎደለ እንደሆን መንደር ያንሾካሹካል።
ብሩ ግን የራሷ ነው፣ የክፉ ቀን ጎተራ፤
በረሃብ፣ በበረዶ ወር፣ ይሸጣል ተራ በተራ።

ዛሬ መርጃኑ ውድ ነው፣ ባሕሩም ተከልክሏል፤
በስፍራው አንዳንዱ ቀይ ፕላስቲክ ተክሏል።
ወርቁ ከዱባይ ነው፣ ዘውዱ በኪራይ ነው፤
የፊተኛዋ ላብ ሳይደርቅ ሌላ ራስ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ጌጡን ገለበጥኩት፤
ጣቴ ቀድሞ ጠረጠረ። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት።
ቀለለ።
እንደገና መዘንኩ።
ቀለለ።

ቆርቆሮ ነው። ፊቱ ብቻ ብር የተቀባ።
ከጀርባው ግን አለች አንዲት ሚጢጢ አበባ፣
አንድ ቅጠል የጎደላት፤ የአባቴ ማኅተም።
ለቅንጣት እርሳስ ሲል ደቀ መዝሙር ያባረረ፣
እንዴት ቆርቆሮ ላይ ማኅተሙን አኖረ?

«ቆዪኝ» ብዬ ገባሁ። ደብተሩ ከሣጥን ሥር፣
አይጥ ጫፉን በልቶታል፤ የጦርነቱ ዓመት ነበር።
በአባቴ ደቃቅ ጽሕፈት፣ በደበዘዘ ቀለም፦
«ፈሩጃ ጌጧን ሸጠች። ለሰው አይነገርም።
ባሏን ከእስር ለማስፈቻ።
ማክሰኞ የባሏ እህት ትዳራለች።
ባዶ ደረት እንዳይታይ፣ በቆርቆሮ ሠራሁላት።
ዋጋ፦ ምንም።»

ደብተሩን ዘጋሁት። ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ።
ያቺን ፈሩጃን አውቃታለሁ፤ በየሠርጉ ፊት ለፊት፣
ቀጥ ብላ፣ ደረቷን ነፍታ የምትቀመጥ አሮጊት።
ከእሷ ወዲህ ስንት ሙሽራ በዚህ ቆርቆሮ ተዳረች!
አንዷም ቀለለኝ አላለች፤ ሁሉም «ከበደኝ» አለች።

ተመለስኩ።
ደህቢያ በስልኳ የወርቅ ዓይነት ታያለች።
«ስንት አወጣ?» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።
እኔ የአንጥረኛ ልጅ ነኝ፤ ውሸት መመዘን አልችልም፤
እውነቱም ግን የኔ አይደለም፣ አውጥቼ አልሸጠውም።
«አልገዛሽም» አልኳት፤ «ለዚህ የሚበቃ ዲናር የለኝም።»

ስልኳን አስቀመጠች።
«ይህን ያህል ነው?»
«ይህን ያህል።»

አነሣችው። ጂንስ ጃኬቷ ላይ ሰካችው።
ከተሰነጠቀው መስታወቴ ፊት ቆመች፤
ትከሻዋ ትንሽ ዝቅ፣ አገጯ ትንሽ ቀና አለ።
«ውይ» አለች፣ «ለካ ከባድ ነው።»

እኔ ሚዛኑን በጨርቅ ሸፈንኩት።

ከዚያም ዘውዱን ተከራየች፣
ለቅዳሜ፣ ከሰባት ሰዓት እስከ ዐሥር።
ቀብድ ከፈለች።